የራስ መርዶ

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ለአንድ ሳምንት «አይዞህ» እንዳይሉ ከለከልኳቸው።

የነርሲንግ ተማሪዎች ናቸው። ለፕራክቲስ ልንገባ ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል፣ ዋርዱ፣ በር ላይ ቆመናል። ነጩን ጋውን ከወፍራም ሹራብ በላይ ደርበውታል፤ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስታወራ ትንፋሽህ እንደ ጭስ ይታያል። መመሪያዬን ሲሰሙ ሳቁ። አንዱ «ታዲያ ምን እንበል ቲቸር?» አለኝ።

«የምትለው ከጠፋህ ዝም በል። ግን ወንበር ስበህ ተቀመጥ።»

ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ መጥታ «ዘጠኝ ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት» አለችኝ። ቆጥራለች። ሌላዋ ደግሞ አንድ ሽማግሌን አይዞዎት ላለማለት ስትታገል እንባዋ መጣ። «አይዞሽ ልጄ» ያሏት ሽማግሌው ናቸው።

በቃሉ ላይ ቂም የለኝም። አማርኛ ውስጥ እንደ አይዞህ ሰው የሚያሞቅ ቃል ጥቂት ነው። ዋርድ ውስጥ ግን ሌላ ሥራ ሲሠራ አይቻለሁ። በሽተኛው አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈት ሲያደርግ እኛ «አይዞዎት» ብለን እናልፋለን። በር ነው የምንዘጋው፤ በትህትና።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ራሴ ዘግቼ ነው ያወቅሁት።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። የት እንደነበር ይቅር። ከመንዝ በኩል የመጡ አንድ አባት ተኝተው ነበር፤ የጨጓራ ካንሰር፣ ወደ ጉበት የተዛመተ። ሐኪሙ ትልቁን ልጃቸውን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገረው። ልጁ ደግሞ «ለእሳቸው እንዳትነግሩብኝ» ብሎ ለመነን። እሺ አልን። አንድ ማታ ግሉኮስ ልቀይር ስጠጋ እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ነገሬን እንዴት አየሽው?» አሉኝ።

ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቶኛል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። «አይዞዎት አባባ፣ ይሻልዎታል» አልኩ። ትንሽ አዩኝ። ከቤት ያመጡትን ባና ሳብ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በአምስተኛው ቀን አረፉ።

ከወር በኋላ ሴት ልጃቸው የሞት ማስረጃ ልታወጣ መጣች። አወቀችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አባቷ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተው ሰባት ዓመት አይነጋገሩም። ያን ሰሞን ወንድምየው ልምጣ ብሎ ሰው ልኮባቸዋል። እሳቸው ምን አሉ? «ሲስተሯ ይሻልሃል ብላኛለች፤ ስድን እኔው ራሴ እሄዳለሁ።»

ወንድምየው የደረሰው ለቀብር ነው።

ይህን ታሪክ በየዓመቱ ለአዲስ ባች እናገራለሁ። ስላይድ ላይ የለም።

ትምህርቱ ፓሊየቲቭ ኬር ይባላል፤ በከባድ በሽታ ላለ ሰው ህመሙንና ጭንቀቱን ማቅለል ነው። በአማርኛ ማስታገሻ ሕክምና እንለዋለን፤ ስሙ ያሳንሰዋል፤ ሰው ሲሰማው ፓራሲታሞል ይመስለዋል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ፓሊየም ማለት የሚደረብ ልብስ ነው፤ ጋቢ በለው። ለደብረ ብርሃን ሰው ይህን ማስረዳት አያደክምም። ጋቢ ብርዱን ከአገር አያስወጣውም፤ የለበሰው ሰው ግን ያድራል።

የትምህርቱን ታሪክ ሳወራ ተማሪዎቹ ቀና የሚሉበት ቦታ አንድ ነው። ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን፣ ለሞት የቀረቡ ሕሙማን የሚታከሙበትን ቤት፣ ስትከፍት ሐኪም ነበረች። ከዚያ በፊት ግን ነርስ ነበረች፤ ከነርስነት ቀጥሎ ሶሻል ወርከር፣ ሐኪምነቱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ሁለንተናዊ ህመም» የሚለው ሐሳብ የእሷ ነው። ሆድ ያማል። የልጆች ነገር ያማል። የተጣላ ወንድም ያማል። ከፈጣሪ ጋር ያልተዘጋ ሒሳብ ያማል። ሰውየው «አመመኝ» ሲል ሁሉንም ባንድ ቃል ነው የሚነግርህ። እኒያ የመንዝ አባት ያን ማታ የትኛው እንዳመማቸው እኔ አልጠየቅኋቸውም።

በእኛ አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ተመሠረተ፤ የመሠረተችው ነርስ ናት። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ማስታገሻ ሕክምና የጤና አገልግሎት አካል ይሁን ብሎ ወሰነ። ይህን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ለፈተና ይሸመድዱታል። አንድ ቁጥር ግን ቦርድ ላይ ጽፌ እተዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰው ይህ እንክብካቤ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው ከመቶ 14ቱ ብቻ ነው። «ቀሪዎቹ 86ቱ የት ናቸው?» አልኩ አንድ ጊዜ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሰፈራችን» አለ። ማንም አልሳቀም።

አሁን ወደ መርዶ ልምጣ።

ክፉ ዜና እንዴት ይነገራል የሚለውን ምዕራፍ የምጀምረው በጥያቄ ነው። «አገራችሁ መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው?» ከመንዝ የመጣው ይናገራል፣ ከምንጃር የመጣችው ታርመዋለች፣ ከአንኮበር የመጣው ይጨምራል። ክፍሉ ይሞቃል። መጀመሪያ ለባለቤቱ አይነገርም፤ ጎረቤት ነው የሚሰማው። ወሬው ማታ ከደረሰ «ይተኛ፣ ሌሊቱን ይረፍ» ይባላል። እህል ቀምሶ እንደሆነ ይጣራል። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባቱ፣ የቅርብ ዘመዶች ተሰብስበው ይሄዳሉ። ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ራሱን ቢጥል የሚይዝ ጎበዝ ከኋላ ይቆማል። ከዚያ አንዱ፣ ቃል የሚያውቀው፣ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ካረዱ በኋላም ጥለውት አይሄዱም። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ እድርተኛው ተራ ገብቶ ያድራል።

ይህን ሁሉ ቦርዱ ግራ በኩል እጽፋለሁ። በቀኝ በኩል እ.ኤ.አ. በ2000 በሕክምና መጽሔት የወጣውን፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያስተምረውን ባለ ስድስት ደረጃ ዘዴ እጽፋለሁ። ቦታውን አዘጋጅ። ምን እንደሚያውቅ ጠይቀው። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቀው። በቀላል ቃል ንገረው። ሲያለቅስም ሲቆጣም አብረኸው ሁን። ቀጥሎ የሚሆነውን አብራችሁ ምከሩ። ልጆቹ ሁለቱን ያስተያዩና «ይሄማ የእኛው ነው» ይላሉ። ደስ ይላቸዋል። እኔም ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም በኮሪደር ቆሞ፣ ስልክ እያየ፣ ለልጅየው ሁለት ዓረፍተ ነገር ወርውሮ የሚያልፈው ባለሙያ ጸያፍነቱ ያኔ ይታያቸዋል። አያቶቻችን ይህን ቢያዩ «ይኼ ሰው የማን ልጅ ነው?» ይሉ ነበር።

ግን ሁለት መስመሮች በግራ በኩል የሉም። ምን ታውቃለህ፣ ምን ያህልስ ማወቅ ትፈልጋለህ የሚሉት። በመርዶ ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም። ለምን ይኖራል? መርዶ የሌላ ሰው ሞት ነው። ለአባት የልጁን ሞት፣ ለእህት የወንድሟን ሞት ስናረዳ ኖረናል። ለሰው የራሱን መርዶ ማርዳት ግን ባህላችን አላስተማረንም። ሥርዓቱ ያለቀው እዚያ ድረስ ነው። የእኔ ተማሪዎች የሚቆሙት ሥርዓቱ ካለቀበት ቦታ ላይ ነው።

«እኛ ጋ ቢነግሩት በድንጋጤ ይሞታል» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አለ። ተሳስተሃል አልለውም። ማወቅ የማይፈልግ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። ለዚህ ነው መጠየቁ የሚቀድመው። «ስለ በሽታዎ የምናገኘውን ለእርስዎ እንንገር ወይስ ለሌላ ሰው?» ብለው ሲጠይቁ አንዳንዱ «ለልጄ ንገሪው፤ እሱ ያውቅልኛል» ይላል። ጥሩ። መርጧል። ከተጠየቁት ብዙዎቹ ግን የሚሉኝ ሌላ ነው። «እኔማ አውቄዋለሁ። ልጆቼ እንዳይደነግጡ ነው ዝም ያልኩት።» ልጆቹ ደግሞ ውጭ ቆመው እሱ እንዳይደነግጥ ዝም ብለዋል። ሁለቱም ወገን ተደባብቆ፣ መሐል ላይ ነርሷ ግሉኮስ ትቀይራለች።

አሁን ስለ ህመም ላውራ፤ ይህን ክፍል ስለምወደው ነው።

መጽሐፉ «ህመምዎን ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሰጡታል?» ብላችሁ ጠይቁ ይላል። አንድ ገበሬ ይህን ሲጠየቁ «ምነው፣ ፈተና ነው እንዴ?» አሉ። አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ መለኪያ አለ፤ በእጅ ነው። ጭብጥ ከሆነ ህመም የለም፣ አምስቱም ጣት ከተዘረጋ ከዚህ የባሰ የለም። ይኼ ይሠራል። ሽማግሌው ሦስት ጣት አውጥተው ትንሽ አሰቡና አራተኛውን ግማሽ አጠፉት።

ግን ከቁጥሩ ይልቅ ግሡን ስሙ እላቸዋለሁ። አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው። ይቆረጥመኛል ካለህ አጥንት አስብ። ይቆርጠኛል ካለህ አንጀት። ይነዝረኛል፣ ይለበልበኛል ካለህ ነርቭ ነው፤ ተራው ማስታገሻ ብቻውን ላይበቃው ይችላል፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ ሌላ መድኃኒት ሊታሰብ ይገባል። ሰውየው በአንድ ግስ ግማሽ ምርመራ ሰጥቶህ አንተ የበሽተኛው መዝገብ፣ ቻርቱ፣ ላይ «ህመም አለው» ብለህ ከጻፍክ ነገሩ ባከነ።

ሞርፊን ላይ ስንደርስ ክፍሉ ይፈራል። ሱስ አያስይዝም ወይ? ትንፋሹ ቢቆምስ? ቤተሰብም የራሱ ፍርሃት አለው፤ ሞርፊን ተጀመረ ማለት አለቀለት ማለት ይመስለዋል። ከትንሽ ተነስቶ ህመሙን እያዩ ቀስ በቀስ ሲጨመር፣ በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ በየአራት ሰዓቱ ሳያዛንፍ ሲሰጥ፣ የመኝታው መጠን እጥፍ ሆኖ ሌሊቱን ሲያሳድር፣ ሰው ተነስቶ ፀሐይ ሲሞቅ አይቻለሁ። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ድርቀት። ማቅለሽለሹ በቀናት ይተዋል፣ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ስለዚህ ሞርፊን በተጻፈበት ቀን የሆድ ማለስለሻም ይጻፋል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ለበሽተኛ ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቅዳለች። ይህን ስናገር ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኛ ዘንድ ችግሩ ከዚያም በፊት ይጀምራል፤ መድኃኒቱ ያለበት ቀንና የሌለበት ቀን አለ። በሌለበት ቀን ማስተማር፣ ውኃ በሌለው ወንዝ ዋና እንደ ማስተማር ነው። ቢሆንም አስተምራለሁ።

አንዲት እናት ነበሩ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በአንኮበር መንገድ በኩል። የማህፀን በር ካንሰር። አራት ተማሪዎች ይዤ ቤታቸው ሄድን። ገና ከበሩ ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን። ምራታቸው ዕጣን አብዝታ ታጨሳለች፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ይብሳሉ። አንዱ ተማሪ ማስኩን ከፍ አደረገ። እናትየዋ አዩት። ምንም አላሉም፤ ብቻ ጋቢያቸውን ጠበቅ አድርገው ከእግራቸው በታች ጎሰጎሱት። የህመማቸውን ስጠይቅ ሁለት ጣት አወጡ። «ሌላስ ምን ያስቸግርዎታል?» አልኩ። «ቡና ቀረ» አሉ። አልገባኝም። ምራታቸው ናት የተረጎመችልን። ጎረቤቶቻቸው ቡና መምጣት አቁመዋል።

ለዚህ ብርቅ ነገር አያስፈልግም። ቁስሉን በጨው ውኃ ማጠብ፣ ፍላጂል ክኒን አድቅቆ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ወይም ፓዱ ላይ መነስነስ። ሽታውን የሚያመጡት አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መድኃኒቱ የሚይዘው እነሱን ነው። ማስኩን ከፍ ያደረገውን ልጅ ክኒኑን እንዲያደቅቅ አደረግሁት። ቅጣት መስሎት ይሆናል፤ ትንሽም ነበር። ለምራቲቱ አሳየናት። በአሥረኛው ቀን ስንመለስ ከቤቱ የቡና ሽታ ይወጣል፤ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል፣ አንዷ ጀበና ትጥዳለች። ካንሰሩ እንዳለ ነው። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ አልገባም።

ከጸበል ጋር ያለውን ነገርም ማስተማር አለብኝ፤ ሰሜን ሸዋ ሆኖ እንዴት ይቀራል? ጻድቃኔ ማርያም ልሂድ የሚል በሽተኛ ሁልጊዜ አለ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ልሂድ የሚል አለ። ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ «ሳይንስ አይደለም» ብሎ ይከራከራል፣ ሌላው «ይሂዱ» ብሎ መድኃኒቱን ያስቆማል። ሁለቱንም አልወድም። ሰውየው መሄድ ከፈለገ ይሂድ፤ መድኃኒቱ አብሮት ይሂድ። ጠዋት በባዶ ሆድ ጸበል የሚጠጣ ሰው በየአራት ሰዓቱ የሚወስደውን ሞርፊን ምን ያድርገው? ይህን እኔ አልመልስም። የንስሐ አባቱን ጥሯቸው። የጠየቅኋቸው አንድ ቄስ «ጾም ለጤነኛ ነው ልጄ፤ ያመመውን ማን አስገደደው?» አሉኝ፤ ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀም። ከሸዋ ሮቢት የመጣች ተማሪ ደግሞ ለሁላችን ያስተማረችው አለ። ሙስሊም በሽተኛ ሲያጣጥር ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ማዞርን፣ ሸሃዳውን፣ የእምነት ምስክርነቱን፣ በጆሮው ቀስ ብሎ ማለትን፣ አንዴ ካለው በኋላ ደጋግሞ አለማስጨነቅን። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ከእሷ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሰዓታት የምናስተምርበት ነገር የለንም። ስኪል ላባችን፣ መለማመጃ ክፍላችን፣ ውስጥ የፕላስቲክ ሰው አለ፤ ደረቱን ይጫኑታል፣ ሁልጊዜም ይነሳል። አይሞትም። ሰው ሲሞት ትንፋሹ እየረዘመ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየመጣ እንደሚሄድ፣ ጉሮሮው ውስጥ የሚያንኮራፋው ድምፅ የሚያስጨንቀው የሚሰማውን ሰው እንጂ፣ እንደሚታሰበው፣ በሽተኛውን ራሱን አለመሆኑን በቃል ነው የምነግራቸው። ጎኑ ላይ አስተኙት። ከንፈሩን በጥጥ አርጥቡለት። ከሁሉ የሚከብደው አጥሚት ነው። ሳይቀምስ ሞተ እንዳይባል እናት፣ እህት፣ አክስት ማንኪያ ይዘው አፉን ይከፍታሉ። መዋጥ የማይችል ሰው ላይ አጥሚት ማፍሰስ ሳንባው ላይ ማፍሰስ ነው። ግን «ተዪ» ብለህ ማንኪያዋን ብትቀማት እጇ ባዶ ይቀራል። ጥጡን ስጣት። እሷ ታርጥብለት።

ተማሪው ራሱስ? መጀመሪያ ሰው የሞተበት ቀን አንዱ እጁን ሲታጠብ አሥር ደቂቃ ቆየ። ለሟች ቤተሰብ እድር አለው፤ ለነርስ ግን ቀጥሎ የሚለካ የደም ግፊት ነው ያለው። ስለዚህ ሻይ ቤት ይዣቸው እሄድና ስለሟቹ አንድ አንድ ነገር እንዲሉ አደርጋለሁ። ይህን ቅብጠት የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ይበሉ።

ያ «አይዞህ» የተከለከለበት ሳምንት ዓርብ ዕለት፣ ዘጠኝ ጊዜ የቆጠረችው ልጅ ኮሪደር ላይ ፈልጋ አገኘችኝ። ጉበታቸው ያበጠ አንድ አባት «እኔ እንግዲህ አልነሳም አይደል?» ብለዋታል። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዝም አለች። ቆይታ «ምን አስበው ነው የጠየቁኝ?» አለቻቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና፣ እድር የሦስት ወር እንዳልከፈሉ፣ ገንዘቡ በመሐረብ ተቋጥሮ ትራሳቸው ሥር እንዳለ፣ ልጆቻቸው እንዳይሰሙ ለእድሩ ዳኛ የሚያደርስላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገሯት። ስልክ ደውላ ዳኛውን አገናኘቻቸው። ከሰዓት መጡ፤ ተቀብለው፣ ደረሰኝ ቆርጠው፣ ሲያወሩ አመሹ።

«ቲቸር» አለችኝ፣ ቻርቱን ደረቷ ላይ ይዛ፣ «ይሄ የት ነው የሚጻፈው?»

ቻርቱን ተቀብዬ ገለጥኩት። ቫይታል ሳይን አለ። መድኃኒት አለ። የገባ ፈሳሽ፣ የወጣ ፈሳሽ አለ። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አብረን አገላበጥነው።